ምክንያቱ የታወቀ ሐዘን ሁሉ አጃስትመንት ዲስኦርደር አይደለም

ጥያቄው፦ «በምሥራቅ ጎጃም በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የምሠራ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። የ29 ዓመት ሴት ታካሚ አለችኝ። ዐረብ አገር ሠርታ ስትመለስ ባሏ ሌላ ማግባቱንና የላከችው ገንዘብ በእሱ ስም ቤት እንደ ተሠራበት የተረዳችው በጥምቀት ሰሞን ነው። ከየካቲት 23 አካባቢ ጀምሮ እንቅልፍ አጥታለች፤ ታለቅሳለች፤ ልቤን ያፍነኛል ትላለች፤ ገበያ መውጣትም ትታለች። በመጋቢት አጋማሽ መርምሬ አጃስትመንት ዲስኦርደር (ከደረሰ ችግር ጋር መላመድ ሲያቅት የሚመጣ ሕመም) አልኩና ከስልኬ ላይ ካገኘሁት ዝርዝር ኤፍ 43.21 የሚለውን ኮድ ጻፍኩ። ሐኪሙ ‹ችግሩ በደረሰ በአንድ ወር ውስጥ ስላልጀመረ አይሆንም› ብሎ ለድብርት አሚትሪፕቲሊን አዘዘላት። የመረጃ ክፍሉ ባልደረባ ደግሞ ‹በሪፖርት ዝርዝራችን ላይ የለም› ብሎ ከድብርት ጋር መዘገባት። ምክንያቱ እየታወቀ እንዴት ድብርት ይባላል ብዬ ተከራከርኩ። አሁን ለፍርድ ቤት የሚሆን ማስረጃ ጠይቃኛለች። ማንኛችን ነን ትክክል?»

ከእርስዎ ክርክር ልጀምር፤ በጥያቄው ውስጥ ካሉት ስሕተቶች ሁሉ ታካሚ የሚጎዳው እሱ ነውና። «ምክንያቱ ከታወቀ ድብርት አይባልም» የሚለው አስተሳሰብ በየጤና ተቋሙ ተስፋፍቷል፤ ግን መሠረት የለውም። ድብርት ምክንያት ኖረውም አልኖረው ድብርት ነው። አንዲት ሴት በባሏ ክሕደት የተነሣ ከሁለት ሳምንት በላይ የድብርትን መስፈርት የሚያሟሉ ምልክቶች ከታዩባት ሕመሟ ድብርት ነው፤ ሕክምናውም የድብርት ሕክምና ነው። አጃስትመንት ዲስኦርደር የሚባለው ምልክቶቹ ከአንድ ተለይቶ ከሚታወቅ ችግር ጋር ሲያያዙ፣ ሰውየውን ከኑሮው ሲያስተጓጉሉ፣ ነገር ግን የሌላ የአእምሮ ሕመም መስፈርት ሳይሞሉ ሲቀሩ ነው። ይህ የመጨረሻው ቅድመ ሁኔታ ተረስቶ ነው ክርክሩ ሁሉ የመጣው። እርስዎ ምክንያቱን አግኝተዋል፤ ሌላው ሕመም አለመኖሩን ግን በጽሑፍ አላሳዩም። ሐኪሙም ድብርት ያለው ምልክቶቹን ቆጥሮ ሳይሆን የእርስዎን ድምዳሜ በቀን ቆጠራ ስለ ጣለው ብቻ ይመስላል።

እንግዲህ መቆጠር ያለበት ይቆጠር። የጠቀሷቸው እንቅልፍ ማጣት፣ ልቅሶ፣ የልብ መታፈንና ከገበያ መቅረት ናቸው። በእነዚህ ብቻ ድብርት ነው ወይም አይደለም ማለት አይቻልም። በአይሲዲ-10፣ ማለትም በዓለም ጤና ድርጅት የሕመሞች መለያ ዝርዝር፣ ለቀላል ድብርት እንኳ ከሦስቱ ዋና ምልክቶች፣ ማለትም ከተጫነ ስሜት፣ ከፍላጎትና ደስታ ማጣት፣ ከአቅም ማነስ፣ ቢያንስ ሁለቱ መኖር አለባቸው። በዚያ ላይ ሐሳብን አለመሰብሰብ፣ ራስን ዝቅ ማድረግ፣ የጥፋተኝነት ስሜት፣ መጪውን ማጨለም፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ፣ የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መቃወስ ከሚባሉት ቢያንስ ሁለት ይጨመራሉ፤ ሁሉም ቢያንስ ለሁለት ሳምንት የቆዩ መሆን አለባቸው። ዲኤስኤም-5፣ ማለትም የአሜሪካኖቹ የአእምሮ ሕመም መለያ መጽሐፍ፣ በበኩሉ ከዘጠኝ ምልክቶች አምስቱን ይጠይቃል፤ ከአምስቱ አንዱ የተጫነ ስሜት ወይም ፍላጎት ማጣት ካልሆነ አይቀበልም። ታካሚዎ ከታመመች ሦስት ሳምንት ገደማ ስለ ሆናት የጊዜው መስፈርት ተሟልቷል፤ የቀረው የምልክቶቹ ቁጥር ነው። ስለ ደስታዋ፣ ስለ አቅሟ፣ ስለ ጥፋተኝነት ስሜቷ፣ ስለ ሞት ሐሳቧ በጥያቄዎ ውስጥ አንድም ቃል የለም። ፒኤችኪው-9 የተባለውን የድብርት መጠይቅ ሞልተው ከሆነም የውጤቱ ድምር ለብቻው ምርመራን አይተካም፤ እያንዳንዱን መልስ መልሶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ በእኛ አገር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። የካቲት መጨረሻና መጋቢት አብዛኛውን ጊዜ የዐቢይ ጾም ወቅት ነው። ጾመኛ ሴት ቀኑን ሙሉ ሳትበላ ስትውልና ክብደቷ ሲቀንስ «የምግብ ፍላጎት ቀንሷል» ተብሎ ይሞላል። ሌሊት ለጸሎት ስትነሣ «እንቅልፍ የላትም» ይባላል። እንዲህ በተሞላ ቅጽ ላይ ግማሹ የገጠር ጎጃም በሁዳዴ ድብርት አለበት ማለት ነው። መጠየቅ ያለበት «እኅቴ፣ ሰዓቱ ደርሶ ማዕድ ሲቀርብ ምግቡ ይጥምሻል ወይ?» ተብሎ ነው። ስለ እንቅልፏም «ለጸሎት ተነሥተሽ ስትመለሺ መልሶ ይወስድሻል ወይስ እያሰብሽ ይነጋል?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ደስታን ለማወቅ «ደስተኛ ነሽ?» ማለት አያዋጣም፤ ለተከዳች ሴት ስድብ ይመስላታል። ጎረቤት ቡና ጠጡ ሲላት ትሄዳለች? ልጇ ሲያጫውታት ፊቷ ይፈታል? በማኅበሩና በሰንበቴው ትገኛለች? የእነዚህ መልስ ከማንኛውም መጠይቅ ይበልጥ ይናገራል፤ ፈቃዷ ከሆነ እናቷን ወይም እኅቷን መጠየቅም መልካም ነው።

ወደ ሐኪሙ የአንድ ወር ደንብ ልምጣ። ሐኪሙ ከአየር ላይ አልቀዳውም፤ ግን ከደንቡ በላይ አጥብቆታል። የአይሲዲ-10 የክሊኒክ መግለጫ ምልክቶቹ «አብዛኛውን ጊዜ» ችግሩ በደረሰ በአንድ ወር ውስጥ ይጀምራሉ ይላል። አንድ ወርን እንደ ግዴታ የሚያስቀምጠው ለምርምር የተዘጋጀው መስፈርት ነው። የአሜሪካው ዲኤስኤም-5 ሦስት ወር ይፈቅዳል። አዲሱ አይሲዲ-11ም ምልክቶቹ በተለምዶ በአንድ ወር ውስጥ ይታያሉ ከማለት አያልፍም። ስለዚህ ከጥር 11 እስከ የካቲት 23 ያለው ስድስት ሳምንት ለብቻው ምርመራውን አይጥለውም።

ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ ደግሞ ችግሩ «የደረሰበት ቀን» የትኛው ነው የሚለው ነው። በጥምቀት ሰሞን ወሬውን ሰማች። ከዚያስ በኋላ? በጎጃም እንዲህ ያለ ጉዳይ በቀጥታ ፍርድ ቤት አይሄድም፤ ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌው እየተመላለሰ ሳለ ተስፋ አለ፤ ተስፋ ያላት ሴት ደግሞ ገበያ ትወጣለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፣ ሌሊት ትተኛለች። ሽማግሌው ያለ ስምምነት የተበተነው፣ ወይም ቤቱ በእሱ ስም መሆኑ ከወረቀት ላይ የታየው በየካቲት አጋማሽ ከሆነ ከችግሩ እስከ ምልክቱ ያለው ርቀት አንድ ሳምንት ሊሆን ይችላል። አጃስትመንት ዲስኦርደር የሚነሣው ከአንድ ክስተት ብቻ ሳይሆን ከተከታታይ ችግርም ነው፤ ስለዚህ ቀኖቹን ሁሉ ይጠይቁ። የገጠር ሰው «ከስድስት ሳምንት በፊት» አይልዎትም፤ «ከኪዳነ ምሕረት በፊት»፣ «ጾሙ ከተያዘ በኋላ»፣ «የዐድዋ በዓል ዕለት» ይላል። ይህ ከሳምንት ቆጠራ ያላነሰ ትክክለኛ ነው፤ ካርዱ ላይ በቃሏ ይጻፉትና አጠገቡ ቀኑን ይመልሱት።

እስካሁን ያልተነሣ አንድ ጥርጣሬ መጽዳት አለበት። ልብ የሚያፍናት፣ እንቅልፍ ያጣች፣ ከስታ የመጣች የደጋ ሴት ስትገጥመኝ አስቀድሜ አንገቷን አያለሁ። እንቅርት በአካባቢያችን የቆየ ችግር ነው፤ ከእንቅርቱ ጋር የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ የልብ ምት ይፈጥናል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ከጭንቀት ለመለየትም ያስቸግራል። የደም ማነስ፣ እርግዝናና የቅርብ ወሊድ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ የአረቄ ልማድ በየተራ ይታያሉ። ከዐረብ አገር ለተመለሰች ሴት ደግሞ በዚያ ስለ ደረሰባት መጠየቅ ግድ ነው። ድብደባ ወይም መደፈር ደርሶባት ከሆነ፣ ያ ትዝታ በቅዠትና በድንጋጤ እየተመለሰ የሚያስጨንቃት ከሆነ፣ የባሏ ነገር ሽፋን ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የምንነጋገረው ስለ ፒቲኤስዲ፣ ከከባድ አደጋ ወይም ጥቃት በኋላ ስለሚመጣ የአእምሮ ሕመም፣ ነው። ይህን ጥያቄ በሩ ተዘግቶ፣ ያመጣት ዘመድ ውጭ ቆይቶ እንጂ በተራ ወረፋ መካከል አይጠይቁትም።

ደግሞ በተቃራኒው ያለውን ስሕተት ልጠቁም። የተከዳች ሴት ማልቀሷ ሕመም አይደለም። ሕመም የሚያሰኘው ሐዘኑ በአካባቢዋ ልማድ ከሚጠበቀው በላይ ሲሆን ወይም ከሥራዋና ከሰው ሲለያት ነው። ታካሚዎ ሦስት ሳምንት ከገበያ መቅረቷ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ግን ሐፍረት አስቀርቷት እንደሆነ ጠይቀዋል? የሰው ዓይን ፈርታ ቀርታ ማታ ማታ ቤቷ ሥራዋን የምትሠራ ከሆነ ነገሩ ይለያል። በተለይ ሞት በሆነ ጊዜ ጥንቃቄው ይጠንክር፤ ሠልስቱን፣ አርባውን እያወጣ የሚያለቅስ ሰው ለቅሶ ላይ ነው እንጂ ታካሚ አይደለም። የተራዘመ ሐዘን የሚባለው ምርመራ በአይሲዲ-11 ቢያንስ ስድስት ወር፣ ለአዋቂዎች በታደሰው የአሜሪካ መጽሐፍ ቢያንስ አሥራ ሁለት ወር ይጠብቃል።

አሁን ኮዱ። ከስልክዎ ያገኙት ዝርዝር የአሜሪካኖች ማሻሻያ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት አይሲዲ-10 አይደለም። ሁለቱም ኤፍ 43.2 ላይ አጃስትመንት ዲስኦርደር ይላሉ፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለው አኃዝ ግን ትርጉሙ የተለያየ ነው። ኤፍ 43.21 በአሜሪካው ዝርዝር «የተጫነ ስሜት ያለበት» ነው፤ በዓለም ጤና ድርጅቱ ግን «የተራዘመ የድብርት ምላሽ» ነው፤ ለረጅም ጊዜ ከቆየ ችግር ጋር የሚሄድና እስከ ሁለት ዓመት ሊዘልቅ የሚችል። የሦስት ሳምንት ታካሚ ላይ ይህን መጻፍ ያልተባለውን መመስከር ነው። ጭንቀትና ሐዘን ሲቀላቀሉ፣ የእርስዎ ታካሚ እንደምትመስለው፣ የዓለም ጤና ድርጅቱ ኮድ ኤፍ 43.22 ነው፤ በአሜሪካው ግን ያው ሁኔታ ኤፍ 43.23 ነው፤ 43.22 ደግሞ ጭንቀት ብቻ ያለበት ማለት ነው። 43.20ም እንዲሁ፦ በአንዱ አጭር የድብርት ምላሽ፣ በሌላው ያልተለየ። ስለዚህ የትኛውን ዝርዝር እንደሚጠቀሙ ሳያውቁ የመጨረሻውን አኃዝ አይጻፉ፤ ከጠረጠሩ ኤፍ 43.2 ላይ ይቁሙ። አይሲዲ-11 ይህን ጣጣ ቀርፎታል፤ አንድ ኮድ ብቻ አለው፣ 6ቢ43፤ ንዑስ ዓይነት የለውም። በዚያ መሠረት ዋናው ምልክት ሐሳብ በችግሩ ላይ መጠመድ ነው፤ ሰውየው ችግሩን ያብሰለስላል፣ ከዚያ ሐሳቡን ማላቀቅ ያቅተዋል፣ ከአዲሱ ኑሮ ጋርም መላመድ ይሳነዋል። ቀኑን ሙሉ ስለ ቤቱና ስለ ገንዘቡ ብቻ የምታወራ ከሆነ ይህንንም ይመዝግቡት። የችግሩን ዓይነት ለብቻው ማሳየት ከተፈለገም የዜድ ኮዶች አሉ፤ የቤተሰብ ችግር ዜድ 63 ውስጥ፣ የመኖሪያና የገንዘብ ችግር ዜድ 59 ውስጥ ይገኛል። ግን ዜድ ኮድ ለብቻው ሕመም አይሆንም።

የመረጃ ክፍሉ ባልደረባ ላይ ብዙ አልፈርድም፤ በፊቱ ያለው ዝርዝር የታጠረ ነው፤ እያንዳንዱን የአይሲዲ ኮድ አይይዝም። ይሁን እንጂ ቀዳዳውን በድብርት መድፈን መብቱ አይደለም። ኮድ ከካርድ ይወጣል እንጂ ካርድ ከኮድ አይወጣም። በዝርዝሩ ላይ ቀጥተኛ መደብ ከሌለ ከውጥረት ጋር ወደ ተያያዘው ወይም «ሌሎች የአእምሮ ሕመሞች» ወደሚለው መደብ ይግባ፤ ጉድለቱም ለወረዳው ወይም ለዞኑ ጤና መምሪያ በጽሑፍ ይገለጽ። ካርዱ ላይ ያለው ሙሉ ስም ግን አይነካም። ሌላ ቦታ ተልካ ብትሄድ የሚያነበው ሰው የሚያየው ካርዱን ነው፤ የወር ሪፖርቱን አይደለም።

ለካርዱ የሚሆን ናሙና እነሆ፤ መልሶቹ ከእሷ አፍ ካልወጡ አይገልብጡት፦ «እንደ ተናገረችው በጥምቀት ሰሞን ባሏ ሌላ ማግባቱን ሰማች፤ ሽማግሌው በየካቲት አጋማሽ ያለ ስምምነት ተበተነ። ከየካቲት 23 ጀምሮ ሌሊት እያሰበች ይነጋባታል፣ በየቀኑ ታለቅሳለች፣ ልቤን ያፍነኛል ትላለች፤ ሦስት ሳምንት ገበያ አልወጣችም። ከልጇ ጋር ስትሆን ትጫወታለች፤ ጾመኛ ናት፣ ሰዓቱ ሲደርስ በፍላጎት ትበላለች፤ የጥፋተኝነት ስሜት የላትም። ራስን ስለ መጉዳት በቀጥታ ተጠይቃ የለም ብላለች። እንቅርት የለም፣ የልብ ምት መደበኛ፣ እርግዝና የለም፣ መጠጥ አትጠጣም። ቅዠትም ሆነ የሚመለስ ትዝታ የለም። የድብርት መስፈርት አልሞላም። አጃስትመንት ዲስኦርደር፣ ጭንቀትና ሐዘን የተቀላቀለበት፣ ኤፍ 43.22 በዓለም ጤና ድርጅት አይሲዲ-10። በሁለት ሳምንት ትመለስ።» ይህ ሁሉ ከካርዱ ግማሽ ገጽ አይሞላም። የሁለተኛዋን ሚስት ስም ግን አይጻፉ፤ በትንሽ ከተማ ካርድ የሚያልፍበት እጅ ብዙ ነው።

ስለ መድኃኒቱ። ጥያቄዎቹን ጠይቀው የድብርት መስፈርት ካልሞላ አሚትሪፕቲሊን አያስፈልጋትም። አጃስትመንት ዲስኦርደር በዋናነት በምክርና በችግር መፍቻ ድጋፍ ይታከማል። የዓለም ጤና ድርጅት ስፔሻሊስት ላልሆኑ ጤና ባለሙያዎች ያዘጋጀው የአእምሮ ጤና መመሪያ፣ ኤምኤች ጋፕም፣ የድብርት መስፈርት ሳይሞሉ በውጥረት ለሚሠቃዩ ሰዎች ባለሙያ ካልመከረ በቀር ፀረ ድብርትም ሆነ የጭንቀት መድኃኒት እንዳይታዘዝ ይላል። ለእንቅልፏ ተብሎ ዳያዜፓም መጨመርም ሌላ ጣጣ ማምጣት ነው፤ ልማድ ያደርጋል። መድኃኒቱን የሚያቆመው ግን ያዘዘው ሐኪም ነው፤ እርስዎ ቆጠራውን በጽሑፍ ይዘው ያነጋግሩት። በኮሪደር ላይ አይከራከሩት።

ይህን ምርመራ «ቀላል» ብሎ የሚያልፈው ሰው አደጋውን አያውቅም። አጃስትመንት ዲስኦርደር ካለባቸው ሰዎች መካከል ራሳቸውን ለመጉዳት የሚሞክሩ አሉ፤ ብዙ ጊዜም ሳይታሰብ በድንገት ነው። አሚትሪፕቲሊን ከመጠን በላይ ሲወሰድ ልብን የሚያቆም መድኃኒት ስለ ሆነ፣ የሞት ሐሳብ ያላት ሴት እጅ ላይ የወር መድኃኒት ማስታቀፍ ትልቅ ስሕተት ነው። ቤት ውስጥ ያለ የእህልና የተባይ መድኃኒት በዘመድ እጅ ተቆልፎ እንዲቀመጥ ይንገሯቸው። ስለ ሞት መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባባትም። ሐሳቡ ከዕቅድ ጋር ካለ፣ የማይኖር ድምፅ የምትሰማ ከሆነ፣ ወይም መብላትና መጠጣት ካቆመች ብቻዋን አይተዋት፤ ከሰው ጋር ሆና ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ወዳለ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ትላክ። መንገዱ በዚያ ቀን የማይቻል ከሆነ በስልክ ባለሙያ እስኪያገኙ ድረስ ሆስፒታሉ ውስጥ ትቆይ። ጠበል ጀምራ እንደሆነም ይጠይቁ፤ ትጸበል፤ ቀጠሮዋን ግን አትተው።

የእኔ ምክር ይህ ነው፦ ነገ ታካሚዋን ጠርተው የጎደሉትን ጥያቄዎች ይጠይቁ። የድብርት መስፈርት ከሞላ የመረጃ ክፍሉ መዝገብ በአጋጣሚ ትክክል ነበር፤ ሐኪሙም እርስዎም ይቀበሉት፤ ከዚያ የትኛው መድኃኒት እንደሚሻላት ይነጋገሩ። ካልሞላ አጃስትመንት ዲስኦርደር ይጽና፤ ኮዱ ይታረም፤ የድብርቱ መዝገብ ይሰረዝ። አሮጌውን ኮድ በቀለም አይሸፍኑት፤ በአንድ መስመር ሰርዘው ቀንና ፊርማ ያኑሩበት። በሁለት ሳምንቱ ቀጠሮም ያው ቆጠራ ይደገም፤ ዛሬ ያልሞላው ያኔ ሊሞላ ይችላልና። ችግሩና ያስከተለው ጣጣ ካበቃ በኋላ ምልክቶቹ ከስድስት ወር በላይ ከቀጠሉ ይህ ስም አይበቃም፤ ምርመራው ከሥር ይጀመር። ክሱ ገና ፍርድ ቤት እስካለ ድረስ ግን ችግሩ አላበቃም፤ ስድስቱን ወር ከጥምቀት መቁጠር ስሕተት ነው።

የፍርድ ቤቱ ማስረጃ በፈቃዷና በፊርማዋ፣ ከተቻለም በፍርድ ቤቱ በራሱ ጥያቄ ይሰጥ። መቼ እንደ መጣች፣ ምን ምልክት እንዳየን፣ ምን ምርመራ እንደ ተደረሰበት፣ ሕክምናዋ ምን እንደ ሆነ ይጻፍ። የችግሩ ታሪክ «እንደ ተናገረችው» በሚል ይግባ። ባሏ በድሏታል፣ ቤቱ የእሷ ነው፣ በእሱ ምክንያት ታመመች የሚል ዓረፍተ ነገር በሆስፒታል ማኅተም ሥር አይወጣም፤ ያን የሚወስነው ዳኛ ነው። ወረቀቱ ላይ የእርስዎ ፊርማ ብቻ አይሁን፤ ሐኪሙም ይፈርም፤ ለዚህ ደግሞ መጀመሪያ በምርመራው መስማማት አለባችሁ።